አየርን ውሃ ማጠጣት

አንባቢዬ ሆይ፤ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄዶ በሚኒሶታ፣ በቺካጎ፣ በዴንቨር ወይም በካናዳ ከተማዎች የተቀመጠ ዘመድ ያለዎት እንደ ሆነ፤ በጥርና በየካቲት ወር በስልክ የሚያሰማዎትን እሮሮ ሳይሰሙ አልቀሩም። ብርዱን መቼም ሁሉም ያወራዋል። ነገር ግን ከብርዱ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ እሮሮ አለ፤ ይኸውም «ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ሌሊት ጕሮሮዬ ደርቆ ያነቃኛል፤ የልጁ አፍንጫ ደማ፤ የበሩን እጀታ ስነካ ይነዝረኛል» የሚል ነው። ሰውየው ይህን ሲናገር የተቀመጠው በበረዶ መካከል ነው። ከደጁ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ የሚታየው ሁሉ የረጋ ውሃ ነው። ታዲያ በውሃ ተከብቦ በድርቀት መሠቃየት ምን ዓይነት ነገር ነው?

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል እንጂ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። መልሱን ያገኘ ሰው ደግሞ በእነዚያ አገሮች ቤት፤ በምድር ቤቱ ውስጥ ከማሞቂያው ምድጃ ጎን ተለጥፎ የሚታየው ትንሽ ሣጥን ምን እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ የማጫውትዎ ስለዚህ ሣጥን ነው። ነገ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ይጠቅምዎታል፤ እዚሁ የሚቀሩ ከሆነም ስለሚተነፍሱት አየር አንድ ነገር ያውቁበታል።

አየር ውሃ ይሸከማል። የሚሸከመው ውሃ ግን ዐይን የማያየው ተን ነው፤ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚወስነውም ሙቀቱ ነው። አየርን ሲሞቅ ሆዱ እንደሚሰፋ፣ ሲበርድ እንደሚጠብ አንድ ገንቦ አድርገው ያስቡት። ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 18 ግራም ውሃ ሊይዝ ይችላል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ደጅ ግን ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ግራም ያህል ሲይዝ ሞልቶ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ቢጨምሩበት ውርጭ ሆኖ ይራገፋል። ስለዚህ የአየር ጠባይ ነጋሪው በራዲዮ «እርጥበቱ ከመቶ 90 እጅ ነው» ሲል የሚነግረን ገንቦው ምን ያህል እንደ ሞላ ነው እንጂ የገንቦውን ትልቅነት አይደለም።

እንግዲህ ያ የደጅ አየር በበር ስንጥቅ፣ በመስኮት ጠርዝ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ወደ ቤት ይሰርጋል። ማሞቂያው ተቀብሎ 21 ዲግሪ ያደርሰዋል። ገንቦው ብዙ እጥፍ ሰፋ፤ በውስጡ ያለው ውሃ ግን ያችው አንድ ግራም ናት። አንዱን ለአሥራ ስምንት ቢያካፍሉት የሚያገኙት ከመቶ 5 ወይም 6 እጅ ብቻ ነው። የሰሐራ በረሃ አየር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተሻለ እርጥበት አለው። እርግጥ ነው፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ገላውን ይታጠባል፤ ስለዚህ የቤቱ እርጥበት ከዚህ ቍጥር ከፍ ይላል። ዳሩ ግን ብርዱ በጠናበት ሰሞን ስንጥቅ በበዛበት ቤት ከመቶ 20 እጅ በታች መሆኑ የተለመደ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው አየር የጠማው አየር ነው። ካገኘው ሁሉ ይጠጣል። ከከንፈር፣ ከአፍንጫ የውስጥ ስስ ቆዳ፣ ከወለሉ ሳንቃ፣ ከመጽሐፍ ገጽ፣ ከክራሩ እንጨትና ቆዳ ይጠጣል። እዚያ አገር ማታ ሳይከደን የተረሳ እንጀራ ጠዋት ድርቆሽ ለመሆን ተቃርቦ ይገኛል። የበሩ እጀታ መንዘሩም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በእርጥብ አየር ውስጥ ቀስ በቀስ ተበትኖ የሚጠፋው የምንጣፍና የጫማ ፍትጊያ ኤሌክትሪክ በደረቅ አየር ውስጥ ይጠራቀምና ጣት ወደ ብረት ሲቀርብ በአንድ ጊዜ ይዘላል።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰዎች፤ የተማሩትም ጭምር፤ «እሳቱ አየሩን ያደርቀዋል» ይላሉ። አያደርቀውም። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ እሳቱና የሚተነፈሰው አየር አይገናኙም። እኛ በከሰል ማንደጃ የምናሞቀው ሰውን ነው፤ እነርሱ የሚያሞቁት ቤትን ነው። በምድር ቤቱ የተተከለው፤ እነርሱ «ፈርነስ» የሚሉት ምድጃ ጋዝ ወይም ዘይት ያነዳል፤ ነበልባሉ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሆኖ ብረቱን ያግላል፤ ጭሱም በራሱ ማውጫ ወደ ውጭ ይወጣል። የቤቱን አየር ደግሞ ትልቅ ማራገቢያ በአንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቱቦ ይስበዋል፤ በማጣሪያ አሳልፎ በጋለው ብረት ጀርባ ይነዳዋል፤ ከዚያም በሌላ ሰፊ ቱቦና በቅርንጫፎቹ በኩል ወደየክፍሉ ይመልሰዋል። በዚህ ዙር ውስጥ ከአየሩ አንዲት ግራም ውሃ አይቀነስም። ድርቀቱን ያመጣው እሳቱ ሳይሆን በስንጥቅ የገባው ብርድ አየር ነው። ሞቃቱ አየር ቀሊል ስለ ሆነ ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው ቀዳዳ ያመልጣል፤ በእርሱ ምትክ ከታች በኩል ብርዱ ይገባል፤ ቤቱ ራሱ እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ለክርክር ብዬ አይደለም። መድኀኒቱ ከወዴት መጀመር እንዳለበት የሚያመለክት ስለ ሆነ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ዓይነቱን ማሞቂያ ካሰቡት ሰዎች መካከል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መኖርዋን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። አሊስ ፓርከር ትባላለች፤ በኒው ጀርዚ ትኖር ነበር፤ በ1919 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በጋዝ የሚነድና ሞቃት አየር በቱቦ ወደየክፍሉ የሚያከፋፍል ማሞቂያ ነድፋ የፈጠራ መብት ተሰጥቷታል።

እርጥበትን ለክቶ ማዘዝ የሚለው ሐሳብ ግን ከእርስዋም የቀደመ ነው። በ1783 የጄኔቫው ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር የሰው ጠጕር እርጥበት ሲያገኝ እንደሚረዝም፣ ሲደርቅ እንደሚያጥር ተመልክቶ በአንዲት የጠጕር ዘለላ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አበጀ። በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው ወጣት መሐንዲስ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበት የሚቈጣጠር መሣሪያ ነደፈ፤ ወረቀቱ አየሩ ሲረጥብ እየሰፋ ሲደርቅ እየጠበበ ቀለሞቹ አንዱ ካንዱ ላይ አልገጥም ብለው አስቸግረው ነበርና ነው። በ1906 ደግሞ ስቱዋርት ክሬመር የሚባል በሰሜን ካሮላይና የጥጥ ፋብሪካዎችን የሚሠራ መሐንዲስ ለፈትል ክፍሎች እርጥበት የመስጠቱን ሥራ «ኤር ኮንዲሽኒንግ» ብሎ ሰየመው። ክር በደረቅ አየር ቶሎ ይበጠሳል፤ በጥጥ መፍተያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ልብ ይበሉ፤ ዛሬ ስሙን ስንሰማ የምናስበው ማቀዝቀዣን ብቻ ነው፤ ቃሉ ሲወለድ ግን አየርን ውሃ ከማጠጣት ጋር ነበር።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ፈረንጆቹ ሂዩሚዲፋየር ይሉታል። ዓይነቱ ብዙ ነው። የጥንቱ ዓይነት በውሃ ሳሕን ውስጥ የሚሽከረከር ከበሮ ያለው ነበር፤ ውሃው የቆመ ስለ ሆነ ሻጋታና ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ እኔ ቢጠይቁኝ ከዚህ ዓይነቱ ራቁ እላለሁ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚልክም አለ፤ ጥሩ ይሠራል፤ ዋጋውና የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ያስደነግጣል። በጣም የተለመደውና የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ራሱ ሊገጥመው የሚችለው «ባይፓስ» የሚባለው ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል፤ የራሱ ሞተር የለውም። ከምድጃው የሚወጣው ሞቃት ቱቦ በማራገቢያው ተገፍቶ የተጨናነቀ አየር አለበት፤ ወደ ምድጃው የሚመለሰው ቱቦ ግን ይስባል። በሁለቱ መካከል ስፋቱ 6 ኢንች፤ ይህም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ቱቦ ቢዘረጉ አየሩ ከሚገፋው ወደሚስበው በራሱ ፈቃድ ይፈስሳል። ሣጥኑ በዚህ መንገድ ላይ ይቀመጣል። በውስጡ እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይናማ የሆነ፤ ከስስ ብረት የተሠራ መረብ ቆሟል። ከላይ በኩል ውሃ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ መረቡን ያርሰዋል፤ ሞቃቱ አየር በመረቡ ዓይን ሲያልፍ ውሃውን ይጠጣል፤ ያልተጠጣው ውሃ ኖራውንና ጨዉን አጥቦ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ውሃውን የምትከፍትና የምትዘጋ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ብቻ ናት።

ሲገጥሙ ከሁሉ አስቀድመው የምድጃውን ኤሌክትሪክ ከማብሪያው ሳይሆን ከዋናው ሣጥን ያጥፉ። ቀጥሎ ቦታ ይምረጡ። ሣጥኑ የሚለጠፈው በሚመለሰው ወይም በሚወጣው ሰፊ የቆርቆሮ ቱቦ ላይ ነው፤ በምድጃው በራሱ አካል ላይ ወይም በጭስ ማውጫው ላይ ግን ፈጽሞ አይደለም። ብዙ ቤቶች ለበጋው ማቀዝቀዣ የሚሆን ጥቅልል ቧንቧ ከምድጃው በላይ በቱቦው ውስጥ አላቸው፤ ከቆርቆሮው በስተ ጀርባ ምን እንዳለ ሳያረጋግጡ መሰርሰሪያ የሰደደ ሰው ያን ቧንቧ ይበሳና ለሣጥኑ ካወጣው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ደግሞም ሣጥኑ አንድ ቀን ቢያፈስስ ውሃው በምድጃው ኤሌክትሪክና በጋዙ ቫልቭ ላይ እንዳይወርድ ወደ ጎን ያድርጉት።

ከሣጥኑ ጋር የወረቀት ልክ ይመጣል። ወረቀቱን ለጥፈው በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ይህን የሚንቀው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሣጥኑ ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ይወርድና የመረቡ እኩሌታ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አራቱን ማዕዘን በመሰርሰሪያ ይብሱ፤ በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ፤ ጓንት ሳያደርጉ ግን አይጀምሩ፤ የተቆረጠ ቆርቆሮ ምላጭ ነው። ሣጥኑን በቪቲ ያጥብቁ፤ በተቃራኒው ቱቦ ላይ ክብ ቀዳዳ ቆርጠው አንገቱን ይግጠሙ፤ ክቡን ቱቦ አገናኝተው መጋጠሚያውን ሁሉ በአሉሚኒየም ፕላስተር ይሸፍኑ። ከአሉሚኒየሙ ሌላ የጨርቁ ፕላስተር በሙቀት ይላቀቃል።

ውሃው ላይ ረጋ ይበሉ። የሚያስፈልገው የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀጭን ቱቦ ናት። ከሙቅ ውሃው መሥመር ቢጠለፍ መልካም ነው፤ ሙቅ ውሃ ቶሎ ይተንናልና። አንዳንድ ሻጮች ቧንቧውን በመርፌ የሚወጋ እንደ ኮርቻ የሚታሠር መጥለፊያ ጨምረው ይሰጣሉ። አይጠቀሙበት። ለመግጠም አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዓመታት በኋላ ጎሚኒው ሲያረጅ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ በብዙ ቦታም የቧንቧ ሥራ ደንብ አይፈቅደውም። ቧንቧውን ቆርጦ መገንጠያና ሙሉ መዝጊያ ማስገባት ይሻላል፤ ይህን የማይችል ሰው ለዚህ ክፍል ብቻ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥራ። የፍሳሹ ቱቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቍልቍል መውረድ አለበት፤ መካከል ላይ ሽቅብ ካለ ውሃው ተመልሶ ሣጥኑን ሞልቶ ይፈስሳል።

ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ስለ ሆነ ሰው አይገድልም። ትንሹ ትራንስፎርመር የቤቱን ኀይል አውርዶ ይሰጣል፤ ሽቦው እርጥበት በሚለካው መሣሪያ፤ ሂዩሚዲስታት በሚሉት በኩል አልፎ ወደ ቫልቭዋ ይሄዳል። ማራገቢያው ሳይዞር ውሃ እንዳይወርድ ግን ቫልቭዋ ከምድጃው ጋር መያያዝ ይኖርባታል። በዚህ ላይ አደገኛ ወጥመድ አለ። በብዙ ምድጃዎች ውስጥ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ መግጠሚያ ይገኛል፤ ነገር ግን በአንዱ ምድጃ 24 ቮልት የሆነው በሌላው 120 ቮልት ነው፤ 120 ደግሞ ቫልቭዋን ያቃጥላታል፤ እጅንም አይምርም። የምድጃውን መጽሐፍ ሳያነቡና በመለኪያ ሳይለኩ ማገናኘት አይገባም። መለኪያውን መሣሪያ በሚመለሰው ቱቦ ላይ፤ እርጥቡ አየር ከሚገባበት ቦታ በፊት ይግጠሙት፤ ከኋላው ቢያደርጉት የሚለካው የክፍሉን አየር ሳይሆን የሣጥኑን የገዛ ራሱን ሥራ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በመግጠሙ ሳይሆን በማዘዙ ነው። አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ ሚኒሶታ ቤት ገዝቶ ሣጥኑን አስገጠመና «ለልጆቹ ጤና» ብሎ ከመቶ 50 እጅ ላይ አደረገው። በሳምንቱ ውስጥ መስኮቶቹ ሁሉ ከውስጥ በኩል በረዶ ለበሱ፤ በረዶው ሲቀልጥ የመስኮቱ እንጨት አበጠ፤ በየካቲት ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቍር ሻጋታ አበቀለ። ምክንያቱ የተናገርነው ያው ገንቦ ነው። በክፍሉ ውስጥ ተመችቶት የተቀመጠ ተን ብርድ መስተዋት ወይም ብርድ ግድግዳ ሲነካ ገንቦው ይጠብበትና ውሃውን ይተፋል። በመስኮት ላይ የሚታየው ደግሞ ትንሹ ነው፤ የሚያስፈራው በግድግዳው ውስጥ ገብቶ ሳይታይ እንጨቱን የሚያበሰብሰው ነው። ሻጋታውም ለልጆቹ ሳንባ ከድርቀቱ የከፋ ነው።

ስለዚህ ውጭው ሲበርድ የቤቱን እርጥበት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። የሣጥኖቹ ሠሪዎች የሚሰጡት ልክ ይህን የመሰለ ነው፦ ደጁ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን ከመቶ 35 እጅ፤ ከዜሮ በታች 12 ሲሆን 30፤ ከዜሮ በታች 18 ሲሆን 25፤ ከዜሮ በታች 29 ሲደርስ 15 ብቻ። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከቤት ውጭ የሙቀት መለኪያ አላቸውና ይህን በራሳቸው ያደርጉታል፤ ጥቂት ብር ቢያስጨምሩም እርሱን መግዛት ይሻላል። ብርዱ ባልጠና ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቤት የሚመክረው ከመቶ 30 እስከ 50 እጅ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለከንፈር ብቻ ነውን? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ለከንፈርና ለአፍንጫ ብቻ ቢሆንም ባልናቅሁት ነበር፤ ሌሊት አፍንጫው የሚደማ ሕፃን ያለው ወላጅ ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሌላም ነገር አለ። በ2007 በኒው ዮርክ አኒስ ሎወንና ፒተር ፓሌዚ ከባልደረቦቻቸው ጋር በታመሙና በጤነኞች የጊኒ አይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር የኢንፍሉዌንዛ በሽታ በብርድና በደረቅ አየር በቀላሉ እንደሚተላለፍ፤ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር ግን መተላለፉ እንደሚዳከም አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ሣጥኑን የገጠመ ጕንፋን አይዘውም» ማለት ግን የነጋዴ ቋንቋ ነው፤ የጊኒ አይጥ ሰው አይደለምና።

ነጋዴዎች ደግሞ «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላሉ፤ እርጥብ አየር ለሰውነት የሞቀ ስለሚመስል። እስቲ እናስላው። ሆዱ 500 ሜትር ኩብ የሆነ ቤት ይኑረን፤ በየሰዓቱ የአየሩ እኩሌታ በደጅ አየር ይለወጥ። ደጁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ ቤቱን ከመቶ 25 እጅ ላይ ለማቆየት ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሦስት ተኩል ግራም ያህል ውሃ መጨመር አለብን፤ ይህም በቀን 21 ሊትር ይሆናል። አንድ ባልዲ ውሃ በየቀኑ ወደ አየር ይተንናል ማለት ነው! ውሃ ደግሞ ሳይሞቅ አይተንንም፤ ለዚህ የሚጠፋው ሙቀት ስድስት ባለ 100 ዋት አምፑሎች ሌት ተቀን ሲበሩ ከሚበሉት ጋር እኩል ነው፤ የሚከፈለውም ከምድጃው ነዳጅ ነው። በፍሳሹ የሚሄደው ውሃ ከዚህ ሌላ ነው። እንግዲህ ቍጠባው ወዴት አለ?

ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልሁት እዚህ ይመጣል። ያ ቤት ስንጥቁ ተደፍኖ በየሰዓቱ የሚለወጠው አየር በእኩሌታ ቢቀነስ፤ የሚያስፈልገው ውሃም ነዳጁም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሰውም ትንፋሽ፣ የድስቱም እንፋሎት በቤት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለወዳጄ የምለው፦ በመጀመሪያ የጣሪያውን ቀዳዳ፣ የበሩን ሥር፣ የመስኮቱን ጠርዝ ድፈን፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተህ አንድ ወር ተመልከት፤ ከዚያም በኋላ ከመቶ 20 በታች ከሆነ ሣጥኑን ግዛ። ቤቱ በደንብ በተደፈነ ጊዜ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስጠነቅቅ ደወል መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሣጥኑ ከተገጠመ በኋላ ሥራው ጥቂት ነው። መረቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ውሃው ኖራ በበዛበት ከተማ ግን ነጭ ድንጋይ ለብሶ ስለሚደፈን ሁለት ጊዜ መለወጥ ያስፈልግ ይሆናል። ብርዱ ሲያልፍ ውሃው ይዘጋል፤ በክቡ ቱቦ ላይ ያለው መዝጊያም «ክረምት» ከሚለው ወደ «በጋ» ይዞራል፤ ካልተዘጋ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት አየር በዚያ በኩል ያመልጣል። እዚህ ላይ ያገራችን ሰው ግራ ይጋባል፤ በእኛ ዘንድ አየሩ የሚደርቀውና ከንፈር የሚሰነጠቀው በበጋ ነውና። የፈረንጆቹ መዝጊያ ግን «በጋ» የሚለው ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ነው፤ እኛ ጃንጥላ ይዘን በምንወጣበት ወር እነርሱ ሣጥኑን ዘግተው መረቡን ያጥባሉ።